እራት አቅርበሽ ለምትጠብቂ ልጄ

ልጄ፣ ባልሽ «1 ሰዓት እገባለሁ» ብሎ 3 ሰዓት ሲገባ የሚሰማሽን ንዴት እንደ ትንሽ ነገር አትናቂው። «ገባልሽ አይደል? የሌላዋ ባል እኮ ጭራሽ ውጭ ያድራል» እያሉ የሚያጽናኑሽ ሰዎች አይጠፉም። እኔ ባልና ሚስት ለማስታረቅ በተቀመጥኩባቸው ቤቶች ግን፣ ትልቅ የተባለው ጠብ ሥሩ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከማዕድ አጠገብ ነው። አንዷ አቅርባ ትጠብቃለች፣ አንዱ ይቀራል፣ በመሃል አንድም ቃል አይላክም። ይህ ሲደጋገም መተማመን ይሳሳል።

የማውቀውን በተራ እነግርሻለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ይህን ያዢልኝ፦ በአዲስ አበባ ሰው ማምሸቱ አይቀርም፤ እንደሚያመሽ ቀድሞ መናገር ግን በእጁ ነው። አጥብቀሽ መጠየቅ ያለብሽም በእጁ ያለውን ነው።

1. ያናደደሽን ነገር ለይተሽ እወቂው

ሽሮው ከምድጃ ሲወርድ እየተንተከተከ ነበር። ከደንሽው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላዩ ቆዳ ያዘ፤ ውኃ ጠብ አድርገሽ መልሰሽ ስትጥጂው ከሥሩ ያዘብሽ። የእንጀራው ጠርዝ መድረቅ ጀመረ። ትንሹ ልጅ «አባዬ መጣ?» እያለ ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ደወልሽ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እስከ 2 ሰዓት ተናደድሽ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ፈራሽ። መኪና ገጭቶት ይሆን? ዘርፈውት ይሆን? በሩ ሲንኳኳ ፍርሃቱ ባንዴ ወደ ቁጣ ዞረና «የት ነበርክ!» ብለሽ ጮኽሽ።

እዚህ ውስጥ ረሃብና ድካም አለ፤ ፍርሃት አለ፤ «ከቁጥር አልገባሁም» የሚል መከፋት አለ። ረሃቡ በመብላት ይታገሳል፣ ፍርሃቱ በአንድ ስልክ ይበርዳል፣ መከፋቱ ደግሞ መነጋገር ይፈልጋል። ሁሉንም ጠቅልለሽ በር ላይ ስትወረውሪበት የሚሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ መፍራትሽን አያውቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ አንቺም ሥሩን ሳትይዢ አትናገሪ።

2. ማምሸትን ከማምሸት ለዪ

የመንገድ ማምሸት አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚለቀው 11:30 ላይ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ሠርቶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው መጀመሪያ መገናኛ መድረስ አለበት፤ እዚያ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ታክሲው ይጠፋል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ቀላል ባቡርም ቢሆን በምሥራቅ አያት፣ በምዕራብ ጦር ኃይሎች፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ላለ ሰፈር ሌላ ሰልፍ ነው። በዚህ ያመሸ ሰው ሲገባ የሚያስፈልገው ውኃና ወንበር ነው።

የማኅበራዊ ኑሮ ማምሸትም አለ። ልቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ የዕድር ስብሰባ። ይህ የቤታችሁ የጋራ ዕዳ ነው፤ ነገ በእናንተ ሲደርስ ድንኳን የሚተክሉት እነዚያው ሰዎች ናቸውና።

የምርጫ ማምሸት ደግሞ አለ። ከባልደረባ ጋር ድራፍት፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ፣ ፑል ቤት። ይህም በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰው ጓደኛ ያስፈልገዋል፣ አንቺም ያስፈልግሻል። ነውር የሚሆነው በመንገድ መዘጋት ሲሸፈን ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ፊት ካሳየሽው እውነቱን ለመናገር ምክንያት ያጣል።

3. የማይሆን ሰዓት አትቀበዪ

ብዙ ቃል የሚፈርሰው ገና ሲነገር የማይሆን ስለነበረ ነው። ጠዋት በር ላይ «ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ስትይው፣ ደስ እንዲልሽ ብሎ «12:30» ይልሻል። 11:30 ከቢሮ የወጣ ሰው ያን መንገድ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንደማይጨርሰው እሱም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ቃሉ ጆሮ ስለሚያስደስት ተቀበልሽው፤ ማታ ደግሞ በዚያው ቃል ትከሺዋለሽ።

እንዲህ አድርጊ። አንድ የሥራ ቀን ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተቀጣጥራችሁ መንገዱን አብራችሁ ሂዱት። ሰልፉን አብረሽው ቁሚ። ቤት ስትገቡ ሰዓቱን እዩና ግማሽ ሰዓት ጨምራችሁ የእራታችሁን ሰዓት ቁረጡ። የገባችሁት 1:30 ከሆነ እራት 2 ሰዓት ይሁን። ሁልጊዜ ከሚጣስ 12:30 የሚከበር 2 ሰዓት ይሻላል፤ ለልብሽም ዕረፍት ነው።

4. ሰዓቱ ከማለፉ በፊት ይደወል

ከምነግርሽ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። እንደሚያመሽ ባወቀበት ደቂቃ፣ የተባለው ሰዓት ሳያልፍ ይደውል። ሲደውልም የት እንዳለና መቼ እንደሚደርስ ይንገርሽ። «እየደረስኩ ነው» ምንም አይናገርም። ቢሮ ተቀምጦ «መገናኛ ደርሻለሁ» ማለት ደግሞ ውሸት ነው፤ ትንሽ ስለሚመስል በቀላሉ ይለመዳል። «ገና ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ከፊቴ ብዙ ሰው አለ፣ ከ2:30 በፊት አትጠብቂኝ» የሚል አንድ ንግግር ያን ሁሉ ፍርሃትና ግምት ያስቀራል። ካርድ አለቀብኝ አይባልም፤ «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚለው መልዕክት ያለ ሒሳብ ይላካል። ባትሪ ቢዘጋበት ከባልደረባው ስልክ ይደውል፤ ለዚያም የአንቺን ቁጥር በቃሉ ይያዝ።

የአንቺም ድርሻ አለበት። እውነቱን ሲነግርሽ፣ «ከእነ እገሌ ጋር ትንሽ ልቆይ ነው፣ 3 ሰዓት እገባለሁ» ሲልሽ፣ ስልኩ ላይ ከጮኽሽበት በሚቀጥለው ጊዜ ወይ ይዋሻል ወይ አያነሳም። ቅር ቢልሽም «እሺ፣ እንኳን ነገርከኝ፤ 3 ሰዓትን እንዳታሳልፍ» በዪና ዝጊው። ቅሬታሽን ለነገ አቆዪው። እውነት የተናገረ ሰው ከዋሸ ሰው የተሻለ አቀባበል ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ እውነቱን ራስሽ ታደርቂዋለሽ።

5. ልጆቹ በሰዓታቸው ይብሉ፤ አንቺም ራስሽን አታስርቢ

«ባሌ ሳይቀምስ አልቀምስም» ማለት ለእናቶቻችን ክብር ነበር። ፍቅሩን አልነቅፈውም። ነገር ግን እናቶቻችን የሚጠብቁት ከማሳ የሚመለስ ሰው ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በሬ ይፈታል፣ ጥጃ ይታሰራል፣ ሰው ይገባል። መጠበቃቸው ልክ ነበረው። ያንቺን ባል የሚመልሰው አለቃውና የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ልክ የሌለውን ነገር በባዶ ሆድ አይጠብቁትም።

የእናንተ እራት 2 ሰዓት ቢሆንም፣ ነገ ትምህርት ያለባቸው ልጆች በ1 ሰዓት በልተው ይተኙ። አንቺም ቢያንስ ጥቂት ቅመሺ፤ ጨጓራ ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠብቅ። ሲርብሽ ንግግርሽም ይከራል። የእሱን ድርሻ በትንሽ ድስት ለዪለት፣ እንጀራውን ሸፍነሽ አስቀምጪ፤ ሲገባ ማሞቁ የእሱ ሥራ ቢሆን ክብሩ አይቀንስም። በልተሽም ቢሆን ሲበላ አጠገቡ ተቀመጪ። አንድ ጉርሻ ሲያነሳልሽ እምቢ አትበዪው። የበላሽው ተርበሽ እንዳትጣዪው ነው፤ ከማዕዱ ለመለየት አይደለም። ወጡን ደብቆ ወይም ለጎረቤት ሰጥቶ «አልቋል» ማለት ግን በቀል ነው፤ በቀል ደግሞ ማዕድ ላይ አይቀመጥም።

6. በር ላይ ችሎት አታቁሚ

ደክሞት የገባ ሰውና ጠብቃ የከረረች ሴት በር ላይ ተገናኝተው የሚበጅ ነገር ሲነጋገሩ አላየሁም። ይግባ፣ እጁን ይታጠብ፣ ይብላ። በዚያ ሌሊት «ሳይደወል መቅረቱ ከፍቶኛል፤ ነገ እንነጋገራለን» ብለሽ ብታበቂ በቂ ነው። ጉዳዩን ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ አንሺው፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ልብ ይረጋል፣ ጊዜም አለ።

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ፣ አባትህም እንዲሁ ነበር» ካልሽው ስለ አባቱ ትጣላላችሁ፤ እራቱ ይረሳል። እንዲህ በዪው፦ «ማክሰኞ 1 ሰዓት ብለኸኝ 3 ሰዓት ገባህ። ስልክህ ሳይነሳ ሲቀር አንድ ነገር የሆንክ መስሎኝ ፈራሁ። ከእንግዲህ እንደምታመሽ ስታውቅ ደውልልኝ።» ቀኑን ጠቀስሽ፣ የተሰማሽን ተናገርሽ፣ የምትፈልጊውን ጠየቅሽ። ያለፈውን ዓመት፣ የእህቱን ሠርግ፣ የቤት ኪራዩን አትጨምሪበት። ከዚያ እሱ ይናገር። ሲናገር አታቋርጪው፤ ምናልባት አንቺ ሳታውቂው በሥራ ቦታ የሚጨንቀው ነገር ይኖር ይሆናል።

7. ኩርፊያን መሣሪያ አታድርጊ

«ምን ሆነሻል?» ሲልሽ «ምንም» እያልሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አትተኚ። ኩርፊያ የመጀመሪያው ቀን ቁጣ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቅጣት ይሆናል፤ ከሳምንት በኋላ ለምን እንደተጀመረም ይረሳል። ልጆች ደግሞ የሁለት ሰው ዝምታ ከጩኸት በላይ ያስፈራቸዋል። «ዛሬ ለመነጋገር አልቻልኩም፣ ነገ» ማለት ይቻላል። ቀጠሮ ያለው ዝምታ ዕረፍት ነው።

8. ሥራው ከሆነ የሚያስመሸው፣ አብራችሁ ቁጠሩት

አንዳንዱ ባል የሚያመሸው እንጀራ ፍለጋ ነው። እንዲህ ከሆነ «ሥራ አለኝ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሁለታችሁም ሒሳቡን እወቁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ተደንግጓል፤ ክፍያውም ከመደበኛው ከፍ ይላል። ባልሽ በየቀኑ እያመሸ ያልተከፈለው ከሆነ ከእሱ ጋር አትጣዪ፤ ከአሠሪው ጋር በምን መንገድ እንደሚነጋገር አብረሽው ምከሪ። የሚከፈለው ከሆነም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተነጋገሩ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እስኪያልቅ ብላችሁ ለጥቂት ወራት የተስማማችሁበት ማምሸት አይከብድም፤ መጨረሻው የማይታወቅ ነው የሚከብደው።

ሥራው ሌሊቱን የሚጠይቅ ሰውም አለ። ነርስ አለች፣ ጥበቃ አለ፣ የራይድ ሹፌር አለ። በዋሽንግተንና አካባቢው ባል ታክሲ ሲነዳ ሚስት በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ላይ የሆነችባቸው የአገራችን ሰዎች ቤቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ላለ ቤት እራትን የሙጥኝ ማለት አያዋጣም። የጋራው ማዕድ ቁርስ ይሁን፣ ወይም የእሑድ ምሳ ይሁን። ዋናው በሳምንት ውስጥ ሁለታችሁም የምትቀመጡበት፣ ስልክ የማይነሳበት አንድ ማዕድ መኖሩ ነው።

9. የማይቀሩባቸውን ማዕዶች አስቀድማችሁ ለዩ

ሁሉም እራት እኩል አይደለም። የረመዳን ፊጥር ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የጾመ ቤተሰብ ቴምሩን ይዞ አንድ ሰው ሲጠብቅ የሚሰማው ስሜት ከማክሰኞ ሽሮ ጋር አይወዳደርም። 55 ቀን ተጾሞ የትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚፈታው ጾምም እንዲሁ ነው። የልጅ ልደት፣ ወላጆች የሚመጡበት ቀን፣ የሠርጋችሁ መታሰቢያ። እነዚህን በወሩ መጀመሪያ ቆጥራችሁ «በእነዚህ ቀናት አልቀርም» ይበልሽ። በቀረው ቀን ደግሞ አንቺ እጅሽን ላላ አድርጊ። ሁሉንም ምሽት አጥብቀሽ ከያዝሽ ዋናዎቹ ከተራዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይጠፋሉ።

10. ይህን ደግሞ ለሚያመሸው አንብቢለት

ልጄ፣ አንተ በሰልፍ ላይ የቆምክበት ሰዓት እንደሚያደክምህ አውቃለሁ። እሷም ያን ሰዓት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከሥራ ገብታ ሽንኩርት ከትፋለች፣ ልጅ አጥባለች፣ የቤት ሥራ አሳይታለች፤ ብዙዎቹ ሚስቶች እኮ አንተ የቆምክበት ሰልፍ ላይ ቆመው ነው የገቡት። የሷን ሰዓት እንደ ነፃ ነገር አትቁጠረው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመተጋገዝና የመደጋገፍ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ቤተሰቡንም በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። መከባበር ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የሚጠብቅህን ሰው አለማስጠበቅ፣ ካልሆነም መንገር።

ስትገባ መጀመሪያ «ይቅርታ፣ አስጠበቅኩሽ» በል። የመንገዱን ታሪክ ከዚያ በኋላ ንገራት። ምክንያት ከይቅርታ በፊት ሲመጣ ክርክር ይመስላል። የምታመሸው ሚስት ሆና ጠባቂው ባል ሲሆንም ሕጉ ያው ነው። ወንድ ሆኖ ወጥ አሙቆ የጠበቀ ሰው ልቡ አይከፋም ያለው ማን ነው?

11. ገመናሽን አትዝሪው፤ ብቻሽንም አትታፈኚ

ባልሽ ባመሸ ቁጥር ለእናትሽ፣ ለጎረቤት፣ ለቢሮ ጓደኛ የምትደውዪ ከሆነ፣ እናንተ ታርቃችሁ ቡና ስትጠጡ እነሱ ገና ተቀይመውት ይቆያሉ። አንቺ የረሳሽውን እናትሽ አትረሳውም። ቢሆንም ሆድ ይፍጀው ብለሽ ሁሉን ውጠሽ አትኑሪ። ሁለታችሁንም የሚወድ፣ ወሬ የማያወጣ አንድ ሰው ምረጪ፦ የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሼህ፣ የሠርጋችሁ ሚዜ፣ በዕድሜ የበሰለች ዘመድ። ደጋግመሽ ተናግረሽ ለውጥ ካላየሽ እሱም እያወቀ በዚያ ሰው ፊት ተቀመጡ። ሽማግሌ ዘንድ የሚሄዱት ባልን ለመክሰስ ሳይሆን ቃል ለማሰር ነው። በምስክር ፊት የተገባ ቃል በቀላሉ አይፈርስም።

12. ማምሸቱ ሌላ ነገር የሸፈነ ሲሆን አትታለዪ

እስካሁን የመከርኩሽ ለደህና ሰው ነው። በየምሽቱ ሰክሮ የሚገባ ከሆነ የምታወሩት ስለ ሰዓት ሳይሆን ስለ መጠጥ ነው፤ ሕክምናና ርዳታ ያሻዋል። የቤት ወጪ እየጠፋ ካመሸ ገንዘቡ የት እንደሚገባ በግልጽ ጠይቂ፤ የስፖርት ውርርድ የስንቱን ደሞዝ እንደበላ እያየን ነው። «ለምን አመሸህ?» ብለሽ በመጠየቅሽ ብቻ እጁን ካነሳብሽ ደግሞ ይህ ከእራት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። ያን ጊዜ ትዕግሥት አልመክርሽም። ልጆችሽን ይዘሽ ደህና ቦታ ሂጂ፣ ለቤተሰብ ተናገሪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ። ዝም በዪ የሚልሽ ሽማግሌ ካለ ምክሩን አትስሚው።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ባንድ ቀን ማድረግ አይቻልም። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂው፦ የሚሆን ሰዓት እንዲነግርሽ፣ የማይሆን ሲሆን ደግሞ ሰዓቱ ሳያልፍ እንዲደውልልሽ። ሲደውል እውነቱን በደህና ቃል ተቀበዪው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ዕዳውን በስልክም ቢሆን የሚከፍል ባል ቢያመሽም ቤቱን አልረሳም። ይህን ትንሽ ነገር በፍቅር ተለምኖ፣ በግልጽ ተነግሮት፣ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቶ እምቢ የሚል ከሆነ ግን፣ መነጋገር ያለባችሁ ስለ እራት ሳይሆን ስለ ትዳራችሁ ነው፤ ያን ንግግርም ሳትፈሪ ጀምሪው።